ለግቢው ቦይ ፌሮ ይግባ ወይስ ይቅር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ለቡ አካባቢ ነው። ግቢዬ ከጀርባዬ ካለው ጎረቤት ግቢ ዝቅ ያለ በመሆኑ በየክረምቱ ጎርፉ በአጥሩ ሥር እየሾለከ እስከ ቤቴ መሠረት ይደርሳል። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ከአጥሩ ጥግ ተነሥቶ እስከ መንገዱ ቱቦ የሚደርስ፣ 24 ሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የኮንክሪት ቦይ ለማሠራት አስቤአለሁ። የመጨረሻው 4 ሜትር በዋናው በር ፊት ስለሚያልፍ ተከድኖ መኪና ይሄድበታል። የግቢዬ አፈር ዋልካ ሲሆን በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሥራውን እንዲያዩልኝ ሁለት ሰዎች ጠርቼ ነበር። አንደኛው ፎርማን ናቸው፤ ከታች እስከ ላይ ባለ 10 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፌሮ በ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ያውም በሁለት ረድፍ መታሰር አለበት አሉኝ። ሁለተኛው ዕድሜ የጠገቡ ግንበኛ ደግሞ “ቦይ ምን ሊሸከም ነው ፌሮ የሚገባበት? አርማታው ብቻውን ይበቃዋል” ብለው ሣቁብኝ። የማንን ምክር ልከተል?

አንባቢዎ፣ ከለቡ

መልስ፦

ግንበኛው “አርማታው ብቻውን ይበቃዋል” ማለታቸው ሳይታወቃቸው ጨዋታ ሆኖባቸዋል። አርማታ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “የታጠቀ” ማለት ነው፤ የሚታጠቀውም ብረት ነው። እኛ ግን ከጊዜ ብዛት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር የተደባለቀበትን ሁሉ አርማታ ማለት ስለለመድን፣ ፌሮ የገባበትና ያልገባበት ኮንክሪት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በንግግራችን ውስጥ ጠፍቶብናል። የሁለቱ ባለሙያዎች ክርክርም በከፊል ከዚሁ የመነጨ ነው። ይሁንና እያንዳንዳቸው ስለ ቦይዎ አንድ ክፍል እውነት ተናግረዋል፤ ስሕተታቸው ያንን እውነት በ24 ሜትሩ ሁሉ ላይ መዘርጋታቸው ነው።

ኮንክሪት የምጣድ ባሕርይ አለው። የሸክላ ምጣድ ደልዳላ አሸዋ ላይ ተንጋሎ ቢቀመጥ ከባድ ነገር ቢጫንበትም ይችላል፤ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ መካከሉን ሲጫኑት ግን ከሥሩ ተሰንጥቆ ለሁለት ይከፈላል። ሲጫኑት የታችኛው ፊቱ ስለሚለጠጥ፣ ሸክላም መለጠጥን ስለማይችል ነው። ሲ-25 የምንለው ኮንክሪት በ28 ቀኑ በኩብ ሲፈተን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 250 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይችላል፤ ሲለጠጥ የሚችለው ግን ከ15 እስከ 22 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ስለዚህ “ቦዩ ምን ይሸከማል?” ከማለት ይልቅ “ቦዩ የቱ ጋ ይለጠጣል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በእርስዎ ግቢ መለጠጥ ከአራት ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል፦ የጎን አፈር ከሚያሳድረው ግፊት፣ ኮንክሪቱ ራሱ ሲደርቅ ከሚያሳየው መኮማተር፣ ከሥሩ ካለው ዋልካ እንቅስቃሴና በበሩ በኩል ከሚያልፈው መኪና።

ከጎን ግፊቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚፈራው እሱን ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታና 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የቦይ ግድግዳ ከጀርባው ተራ አፈር ቢገፋው በግድግዳው እግር ላይ የሚፈጠረው መለጠጥ በካሬ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከግድግዳው አጠገብ መኪና ቢቆም ወደ 2 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል። ክረምት ገብቶ አፈሩ በውሃ ሲርስ ግፊቱ መጨመሩ አይቀርም፤ ቢሆንም ኮንክሪቱ ከሚችለው 15 ኪሎ ግራም ጋር ሲነጻጸር ገና ሩቅ ነው። ግንበኛው ትክክል የሆኑት እዚህ ላይ ነው። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ ጠንካራ ቀይ አፈር ወይም ኮረት ላይ የተቀመጠና መኪና የማይረግጠው ቦይ ያለ ፌሮ በሚገባ ይሠራል፤ ለእንዲህ ያለው ቦይ በፌሮ የሚወጣውን ገንዘብ ለጥሩ ሲሚንቶና ለታጠበ አሸዋ ማዋል የተሻለ ነው። ይህ ፍርድ ግን ጥልቀት ሲጨምር እንደማይሠራ ይታወቅ። የአፈር ግፊት በግድግዳው እግር ላይ የሚፈጥረው የመታጠፍ ኃይል የሚያድገው በከፍታው ኩብ ነው፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የጎረቤትን አነስተኛ ቦይ አይቶ ጥልቁን እንደዚያው መሥራት የሚያስከትለው ጣጣ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መኮማተሩን ደግሞ ያለ ፌሮም መቆጣጠር ይቻላል። ኮንክሪት ሲደርቅ በእያንዳንዱ ሜትር ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ በ20 ሜትር ርዝመት ሲደመር ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ስለሚይዘው እንደ ልቡ መሰብሰብ አይችልምና የሆነ ቦታ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። ፌሮ የሌለው ቦይ በየ3 ሜትሩ መጋጠሚያ ተትቶለት መጋጠሚያው በሬንጅ ከተሞላ ስንጥቁ እኛ በመረጥንለት ቦታ ይወጣል። ፌሮ ስንጥቅን አይከለክልም፤ ስንጥቁን ጠባብ ያደርገዋል እንጂ። “ፌሮ አስገብቼበት እንዴት ተሰነጠቀ?” የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች ስለሚደርሱኝ ይህን ነጥብ በዋዛ እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ።

የእርስዎ ጉዳይ ከተራው ቦይ የሚለየው በዋልካው ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። እንዳያብጥ ሲታፈን የሚያሳድረው ግፊት በካሬ ሜትር ከ10 ቶን በላይ ሊደርስ ስለሚችል ቀለል ያለ የአንድ ፎቅ ቤት መሠረት እንኳ ያነሣል። ቦይ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። በአንድ መጋጠሚያ በኩል ጥቂት ውሃ ከፈሰሰ ከዚያ ሥር ያለው አፈር ብቻ ያብጥና ቦዩ መካከሉ ላይ እንደ ግመል ጀርባ ይጎብጣል። ያን ጊዜ የሚለጠጠው የቦዩ የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ፌሮ ከሌለው ከጠርዝ እስከ ወለል ተሰንጥቆ ሁለቱ ክፍሎች ደረጃ ይሠራሉ። ደረጃው ውሃውን ያቆመዋል፣ የቆመው ውሃ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ዋልካውም ይበልጥ ያብጣል። በሁለተኛው ክረምት የሚፈርሱት ቦዮች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ፌሮ ዋልካን ያሸንፋል ብለው አይመኑ። የፎርማኑን አራት እጥፍ ብረት ቢያስገቡም አፈሩ ቦዩን እንዳለ ያነሣዋል፤ አንድ ላይ ተያይዞ ይነሣል እንጂ መነሣቱ አይቀርም። መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ አፈሩን መቀየር ነው። ከቦዩ ወለል በታች 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከግራና ከቀኙም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣና የማያብጥ ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) በ20 ሴንቲ ሜትር ንብብር እየተጠቀጠቀ ይግባበት። በጠጠር ወይም በአሸዋ ብቻ እንዳይሞላ አደራ፤ እነርሱ ውሃ አሳልፈው በዋልካው ጉድጓድ ውስጥ ኩሬ ስለሚያጠራቅሙ እንዳይመጣ የፈለጉትን ችግር ራስዎ እንደ መጋበዝ ይቆጠራል። ከሰሌክቱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሲ-5፣ ማለትም ሲሚንቶው ጥቂት የሆነ የንጣፍ ኮንክሪት ይነጠፍ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀለል ያለ ፌሮ ቢገባ ዋልካው የሚያሳየውን ቀሪ እንቅስቃሴ ቦዩ ሳይበጣጠስ እንዲያልፈው ያደርጋል። በለቡ አፈር ላይ ለክፍቱ 20 ሜትርም ፌሮ ይግባ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህል? ግድግዳውና ወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ባለ 8 ፌሮ በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ቁመቱንም አግድሙንም፣ በአንድ ረድፍ ብቻ። ከአንዱ ግድግዳ ወርዶ ወለሉን አቋርጦ ወደ ሌላው ግድግዳ የሚወጣው የ“ዩ” ቅርጽ ያለው ፌሮ ርዝመቱ 1.60 ሜትር ስለሚሆን ከአንድ ቤርጋ (12 ሜትር ከሚረዝም አንድ ሙሉ ፌሮ) ሰባት ይወጣል። ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱት ዘጠኝ ፌሮዎች ሲጨመሩ ለ20 ሜትሩ በድምሩ ከ30 እስከ 33 ቤርጋ፣ በክብደት 150 ኪሎ ግራም አካባቢ ይፈጃል። የፎርማኑ ሐሳብ ግን ወደ 600 ኪሎ ግራም ያስገዛዎታል። ኮንክሪቱ 5 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል፤ በሲ-25 ስሌት፣ ማለትም በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ፣ 37 ከረጢት ገደማ ይወስዳል። 20 ሜትሩን በሦስት ከፍለው ሁለት መጋጠሚያ ይተዉለት፤ በበሩ ክዳን መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንድ ይጨመር።

የፎርማኑን ሁለት ረድፍ የምቃወመው በወጪው ምክንያት ብቻ አይደለም። ፌሮ በኮንክሪት ውስጥ ሳይዝግ የሚኖረው ከላዩ በቂ ልባስ፣ ማለትም የሚሸፍነው ኮንክሪት ሲኖረው ነው። ሲ-5 ላይ ለሚፈስስ ኮንክሪት ልባሱ ከ4 ሴንቲ ሜትር፣ በቀጥታ አፈር ላይ ለሚፈስስ ደግሞ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። በ15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ውስጥ በሁለቱም በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ የሚተርፈው 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ረድፍ ባለ 10 ፌሮ ቁመትና አግድም ሆኖ ሲታሰር 4 ሴንቲ ሜትሩን ብረቱ ራሱ ይይዘዋል፤ በሚቀረው 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 02 የሚባለው የኮንክሪት ጠጠር እንደ ልብ አይወርድም፣ ኮንክሪቱን እየነቀነቀ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተርም አይገባም። ከፎርምወርኩ ሥር የሚወጣው ግድግዳ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ይሆናል። ውሃ በዚያ ገብቶ ብረቱን ሲያዝገው ዝገቱ ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። የልብስና የወጥ ቤት እጣቢ የሚሄድበት ቦይ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። ግድግዳውን 10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ “ፌሮ ስላለው አይጎዳም” ማለትም እንዲሁ ክፉ ምክር ነው፤ ለፌሮው ልባስ የማይበቃ ግድግዳ ከሆነ ፌሮው ባይገባበት ይሻላል።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ፎርማኑ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው፤ ክዳን ያለ ፌሮ አይሠራም። ክዳን ሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመው ምጣድ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ተደግፎ ቢቀመጥ፣ የቪትዝ አንድ ጎማ 300 ኪሎ ግራም ቢያሳርፍበት ከሥሩ የሚለጠጠው በካሬ ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ፌሮ የሌለው ክዳን ዓመታት ቆይቶ ባለቤቱን ሊያኮራ ይችላል። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ ኢሱዙ ወደ ግቢ ሲገባ ግን በአንድ በኩል ያሉት የኋላ ጎማዎች 2.5 ቶን ቢያሳርፉበት መለጠጡ ከ20 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ የጎማው መንጠር ሲጨመርበት ክዳኑ መሰበሩ አይቀርም። የእርስዎ መኪና ትንሽ መሆኗን ሳይሆን ወደ ግቢዎ ሊገባ የሚችለውን ትልቁን መኪና ያስቡ፤ የውሃ ቦቴም ሊሆን ይችላል።

ለአራቱ ሜትር ዐሥር ክዳን ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ቦዩን የሚያቋርጡ አራት ባለ 12 ፌሮ ከታች፣ በላያቸው ደግሞ አራት ባለ 8 አግድም ይታሰርበት፤ የታችኛው ልባስ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ባለ 12ቱ ሁለት ቤርጋ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። በአንድ ግቢ ሥራ ላይ ያጋጠመኝን ላጫውትዎ። ክዳኖቹ በላስቲክ ላይ ተሠርተው ፌሮው እንደ ደንቡ ከታች ገብቶላቸው ነበር። ሊገጠሙ ሲሉ አንዱ ሠራተኛ ላስቲኩን የነካው ፊት እንደ መስተዋት ልሙጥ ሆኖ ስላገኘው “ይህ ያምራል” ብሎ ሁሉንም ገለበጣቸው። ፌሮው ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። በሳምንቱ ጠጠር የጫነ መኪና ሲገባ ሦስቱ መካከላቸው ላይ ተቀነጠሱ፤ ስንጥቁ ተከፍቶ ሲታይ ብረቱ ሳይነካ ከላይ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክዳን ሲሠራ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በምስማር “ላይ” የሚል ጽሑፍ እንዲጫርበት አዛለሁ። እርስዎም ይህን ያድርጉ። ክዳኑ በአንድ ክንድ ስለማይነሣና ወደ 90 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሁለት የማንሻ ቀለበት ከባለ 10 ፌሮ ታጥፎ ይግባለት።

በበሩ ሥር ያለው የቦዩ ግድግዳም ከሌላው ጠንከር ይበል፤ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ፌሮው ባለ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ የቀረው የተለመደ የሥራ ጥንቃቄ ነው። ተዳፋቱ በሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በ24 ሜትር ከ12 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር በላይ ውሃ አይግባ፤ ፌሮው በጠጠር ወይም በቁራጭ እንጨት ሳይሆን በሲሚንቶ ስፔሰር ከሲ-5ቱ ይነሣ፤ ኮንክሪቱ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ይክረም።

ጥያቄ፦

በደሴ ከተማ ቁልቁለት ላይ ባለ ግቢ ውስጥ፣ መኪና ከሚወጣበት መንገድ አጠገብ፣ 1.20 ሜትር ጥልቀትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጎርፍ ቦይ እየተቆፈረልኝ ነው። አፈሩ ጠንካራ ስለሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ያለ ፌሮ በቂ ነው ተብያለሁ። ልስማማ?

መልስ፦

አይስማሙ። ከላይ ለለቡው አንባቢ ያነሣሁት የኩብ ሕግ የእርስዎን ጉዳይ ይወስነዋል። 1.20 ሜትር ግድግዳ በደረቅ አፈር ብቻ ሲገፋ በእግሩ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ይለጠጣል፤ መኪናው ከጎኑ ሲያልፍ ወደ 11 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ከተዳፋቱ የሚወርደው የክረምት ውሃ ከግድግዳው ጀርባ ሲጠራቀም ደግሞ ኮንክሪቱ የሚችለውን ሊያልፍ ይችላል። ለጥንቃቄ የሚተወው መጠባበቂያ ሲቀነስ ከመኪናው በፊትም ወሰኑ ላይ እንቆማለን። የመኪና መንገድ የሚደግፍ ግድግዳ ስለሆነ በመሐንዲስ ተሠልቶ በሥዕል ሊሰጥዎት ይገባል።

ሥዕሉ በእጅዎ እስኪገባ ሁለት ነገሮችን ይወቁ። የመጀመሪያው፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚለጠጠው በአፈሩ በኩል እንጂ በቦዩ በኩል አይደለም፤ ዋናው ቋሚ ፌሮ ልባሱን ጠብቆ ወደ አፈሩ ይጠጋል። ብዙ ፌራዮች ለማሰር ስለሚመቻቸው በቦዩ በኩል ያቆሙታል፤ ሲቆጣጠሩ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ይሁን። ሁለተኛው፣ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ እንዳይጠራቀም በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ማፍሰሻ ይተውለት፣ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላ። ፌሮ መግዛት ካልፈለጉ በሲሚንቶ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ አማራጭ አለ፤ ነገር ግን ያ የሚቆመው በክብደቱ ስለሆነ የእግሩ ስፋት ከቁመቱ ግማሽ ማነስ የለበትም፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር። ለዚያ የሚሆን ቦታና ድንጋይ ካለዎት ድካሙ አያስቆጭም። ከሌለዎት ግን የግድግዳው ቋሚ ፌሮ ከወለሉ ውስጥ ታጥፎ የሚነሣ አንድ ወጥ መሆኑን፣ ወለሉ ከደረቀ በኋላ ተሰክቶ የቆመ አለመሆኑን፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጎንበስ ብለው በዐይንዎ ይዩ።